ከለስላሳው ጎን

ነሲባ ሁለት እጆቿን እስከ ክርኗ በፌስታል ጠቅልላ፣ በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና የለስላሳውን ፍሪጅ በር በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ ከፈተችው። አራቱ የደም ከረጢቶች ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከብርቱካን ለስላሳው ጎን ተጋድመዋል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የመጀመሪያውን በጫፉ አነሳችው። ከረጢቱ ረገብ ብሎ ወደ መዳፏ ሲንሸራተት ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ ሰቀጠጣት።

«ሱብሃነላህ፣ ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል» አለች ለራሷ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ነሲባ ከተጸየፈች ተጸየፈች ነው። ይህን የባሮ ዳር ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ደም አለበት ብላ ጉበት አትበላም። ሥጋ ከገዛች ውሃው ነጭ እስኪሆን ድረስ እያጠበች፣ እያጠበች፣ በመጨረሻ ባሏ ሙሐመድኑር «የኛ ቤት ወጥ ውስጥ ያለው ሥጋ ሳይሆን የሥጋ ወሬ ነው» እያለ እስኪቀልድባት ታደርሰዋለች። ታዲያ እንዴት ዓሣ ነጋዴ ሆነች ብትሉ፣ ዓሣውን በእጇ ነክታው አታውቅማ! ከወንዙ የምታመጣላት፣ ሆዱን የምትዘረግፍላትና ቅርፊቱን የምትፍቅላት ኛኬር ናት።

ኛኬር ጠዋት ጠዋት ባሮ ዳር ከጀልባ ላይ ዓሣ ተቀብላ ለነሲባ የምታመጣ፣ ቀጥ ያለች ሳቂታ የኑዌር ሴት ናት። ሥራዋን የምትሠራው ከሱቁ ኋላ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ነው። ውሃ የምትጠጣበት የላስቲክ ኩባያ ከበሩ ውጭ ሚስማር ላይ ለብቻው ተሰቅሏል። ለምን ለብቻው እንደተሰቀለ ኛኬር ታውቃለች። ነሲባም ኛኬር እንደምታውቅ ታውቃለች። አንስተውት ግን አያውቁም። በቅርቡ ደግሞ፣ ሆዷ ከገፋ በኋላ፣ ሕፃኑ ሲራገጥባት ጊዜ ኛኬር እየሳቀች የነሲባን እጅ ያዘችና ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ነሲባ ፈገግ ብላ እጇን በቀስታ አወጣች፤ ጓዳ ገብታም በሳሙና ታጠበች። ኛኬር ከውጭ ሆና የውሃውን ድምፅ ሰምታለች።

ወደ ደሙ እንመለስ። ሰሞኑን በጣለው ዝናብና ንፋስ የሆስፒታሉ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ጄኔሬተሩም ከዚያ በፊት ዕቃ ጎድሎት ቆሟል። እንዲህ ባለው የጋምቤላ ሙቀት ፍሪጅ ያለ መብራት ሳጥን ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው ጥዑመልሳን የቀረችውን ትንሽ ደም በበረዶ ሣጥን ይዞ ከተማውን ሲዞር ዋለና በመጨረሻ ሙሐመድኑር ዘንድ መጣ። የነሲባና የሙሐመድኑር ሱቅ የራሱ ጄኔሬተር አለው። ሙሐመድኑር ደግሞ እሺ እንጂ እምቢ የሚል ቃል አፉ ላይ አልተፈጠረም። ነሲባን ሳይጠይቅ እሺ አለ። ጥዑመልሳን ከረጢቶቹን በእጁ ደረደረ፣ ትንሽ ቴርሞሜትር አንጠለጠለና አመስግኖ ሄደ።

በማግስቱ ሙሐመድኑር ስኳርና ዘይት ጭኖ ወደ ኢታንግ ሲሄድ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ ነገራት። «ያን ነገር ከለስላሳው ፍሪጅ እንዳታንቀሳቅሺው። የላብራቶሪው ልጅ እዚያው ይሁን ብሏል።» ለምን ብላ አልጠየቀችም። ስለ ደም ማውራቱ ራሱ ምራቋን ያመጣባት ነበር።

ለነገሩ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ችላው ነበር። ጀርባዋን ሰጥታው ዋለች። ነገሩን ያበላሸው አቶ ወልደሥላሴ ነው። አቶ ወልደሥላሴ ከቢሮ ወጥቶ ለስላሳ ሳይጠጣ ቤቱ የማይገባ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ ጠርሙሱን ሰው እንዲያወጣለት አይፈልግም፤ በጣም የቀዘቀዘውን እስኪያገኝ ድረስ ራሱ ነው የሚዳብሰው። የዛን ዕለትም እጁን ሰዶ ሲዳብስ ለስላሳ ያልሆነ ነገር ነካ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ወጣ። ዝም ብሎ መውጣቱ ነሲባን ከስድብ በላይ አቃጠላት። ወሬው ከመግሪብ በፊት ገበያውን እንደሚዞር ገባት። ነሲባ ዘንድ ለስላሳው ከደም ጋር ነው የሚቀዘቅዘው ሊባል ነው! እሷ፣ ንጽሕናዋ ተረት የሆነላት ነሲባ!

ለዚህ ነው አሁን በፌስታል የተጠቀለለችው። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ በሌላ ፌስታል፣ ያንንም በሌላ ፌስታል ጠቅልላ፣ ጓዳ ውስጥ ወዳለው የዓሣ ፍሪዘር ወሰደቻቸው። የዓሣው ፍሪዘር እንደሆነ ድሮም ከርሷ ንጽሕና ውጭ ያለ አገር ነው። ዓሣው መሀል፣ ከታች፣ ማንም በማያየው ጥግ ወሸቀቻቸው። ክዳኑን ስትዘጋው ደግሞ ውለታ የዋለች መሰላት። ዓሣ ስንት ጊዜ የሚያቆይ ብርድ ደምን እንዴት አያቆይ? ሲቀዘቅዝ ይሻላል እንጂ አይከፋም አለች። ፍሪጁን በበረኪና አጠበች፣ እጇን ታጠበች፣ ሶላቷን ሰገደች፣ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ጠዋት ኛኬር አልመጣችም። ነሲባ ጀልባዎቹ ዘግይተው ይሆናል ብላ ሱቁን ከፈተች። ስልኳ ጮኸ፤ ጥዑመልሳን ነበር። የወለደች ሴት ደሟ አልቆም ብሏል፣ ደሙን ይዤ ልሄድ መንገድ ላይ ነኝ፣ ባጃጅ ይዣለሁ አላት።

ነሲባ ፌስታሏን ለበሰችና ወደ ጓዳ ሮጣ ፍሪዘሩን ከፈተች። ከረጢቶቹ የሉም ማለት ይቻላል። ያሉት አራት ጥቁር ድንጋዮች ናቸው። አንዱ ከዓሣ ጎን ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ፤ ስትጎትተው ቅርፊት ይዞ መጣ። የዓሣው ዓይን አፍጦ ያያታል። እንትፍ አለች፣ እንደገና እንትፍ አለች። «እንዳታንቀሳቅሺው» ያለው የሙሐመድኑር ድምፅ ያን ጊዜ ነው ጆሮዋ ላይ የጮኸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ምን ታድርግ? ዓሣ የሚቀልጥበትን ሳፋ ሳበች፤ ለብ ያለ ውሃ ገለበጠችበት፤ አራቱንም ከረጢት፣ ያንን ያልላቀቅ ያለ ዓሣ ጭምር ዘፈቀችው። በፌስታል እጇ ታሻቸዋለች። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ትደፋዋለች፣ ሌላ ትሞላለች። የዓሣው ዝልግልግ ከረጢቶቹ ላይ ይለጠፋል፤ ትንፋሿን ይዛ በአውራ ጣቷ ትፍቀዋለች። ፌስታሉ ውስጥ እጇን አልቧት፣ ያ ላብ ራሱ ደም መስሎ እየተሰማት፣ ግን ሥራዋን አላቆመችም። ቀስ በቀስ ድንጋዩ ለዘበ፣ ከረጢቶቹ እንደ ትናንቱ ረገቡ።

እንደ ትናንቱ ግን አልነበሩም። ትናንት ከረጢቱ ውስጥ ከላይ ቢጫ፣ ከታች ጥቁር ቀይ ሆኖ ተለያይቶ ረግቶ ነበር። አሁን ሁሉም አንድ ቀለም ሆኗል፤ በብርሃን ሲያዩት ከወዲያ ማዶ የሚያሳይ፣ የሚያምር ቀይ የከርከዴ ሻይ። ነሲባ አየችው። ጠራረገቻቸውና ከለስላሳው ጎን መልሳ ደረደረቻቸው። የማይነጋ መስሏት… የሚለውን ተረት ታውቁታላችሁ፤ ከነሲባ ጋር ስለማይሄድ አልጨርሰውም።

ጥዑመልሳን ሣጥኑን ታቅፎ ገባ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ፍሪጁን ከፈተ፤ ከረጢቶቹን ሲያነሳ የውሃ ጠብታ መሬት ላይ ወደቀ።

«ረጥቧል» አለ።

«ፍሪጁ ያልበዋል፤ ሙቀቱን እያየኸው» አለች ነሲባ።

«ከዚህ አልወጣም አይደል፣ እትዬ ነሲባ?»

«አልወጣም።»

እሱም ከዚህ በላይ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረውም። ሣጥኑን ዘጋ። ነሲባ ለጨዋታ ያህል፣ ሴትየዋ ማን ናት አለችው።

«አንቺማ ታውቂያታለሽ። ዓሣ የምታመጣልሽ፣ ኛኬር። ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን…» በእጁ ወደ ታች የሚፈስ ነገር አሳይቶ ባጃጁ ውስጥ ገባ።

ነሲባ ባጃጁ ከማንጎው ጥግ እስኪታጠፍ ቆማ አየችው። ልጥራው ወይስ አልጥራው? አፏ ተከፈተ። መልሳ ዘጋችው። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል አለች። ለስልሶ የለ? ቀልጦ የለ? ደም ደም ነው። ወደ ጓዳ ተመልሳ ፌስታሉን አወለቀች፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቆዳዋ እስኪሸበሸብ።

ሳፋው ውስጥ ዓሣው ቀርቷል። ቀልጦ፣ ላሽቆ፣ ሮዝ ውሃ እያለቀሰ ተንጋሏል። ፍሪዘር ያደረ ዓሣ እንዲህ ነው። ደንበኞቿ ስንት ጊዜ ተማረውባታል፤ «በረዶ የመታው ዓሣ ምጣድ ላይ ውሃ ሆኖ ያልቃል፣ ትናንት የተያዘውን ስጪን» ይሏታል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን አስባበት አታውቅም ነበር። አሁን ጎንበስ ብላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በባዶ ጣቷ ነካችው። ሥጋው ገባ ብሎ ቀረ። ውስጡ የነበረው ሁሉ ወጥቶ ውሃው ላይ ነው ያለው።

ያኔ ጠርሙሶቹ ትዝ አሏት። ባለፈው በጋ ሙአዝ፣ ወንድ ልጇ፣ ቶሎ ይቀዝቅዝልን ብሎ አንድ ሳጥን ለስላሳ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ አድሮበት፣ በነጋታው ጠርሙሱ ሁሉ ተሰንጥቆ፣ በረዶው ጠርሙስ መስሎ ያለ ጠርሙስ ቆሞ ነበር። ሲቀልጥ ደግሞ ወለሉን አጥለቀለቀው። ውሃ ሲረጋ ያብጣል፤ ያበጠ ነገር የያዘውን ይሰነጥቃል። ይህን እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል? በረዶ እየሸጠች አይደል የምትኖረው?

ያ የሚያምር ከርከዴ ዓይኗ ላይ መጣ። ደም ውስጥም የሚሰነጠቅ ነገር አለ ማለት ነው። «ያ አላህ» አለች። ሱቁን ክፍት፣ ሳፋውን መሬት ላይ ጥላ ወጣች።

ባጃጅ እስክታገኝ በነጠላ ጫማዋ ሮጠች። ስልኩን ደጋግማ ሞከረችው፤ አያነሳም። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ሰደበች፤ ድሮ ሌላ ሰው የምትሰድብባቸውን ቃላት ነው የተጠቀመችው፤ ቆሻሻ፣ ግም፣ ነጃሳ። እንዲህ ያለ ጠረን ከራሷ ሲመጣ አሽትታ አታውቅም።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ጨለማና ትኩስ ነበር። የቆየ ደም፣ ላብና በረኪና አንድ ላይ ሸተታት። ጥጉ ላይ የተጠቀለለ ቀይ አንሶላ ተቀምጧል፤ ዝንቡ ሰፍሮበታል። ትናንት ቢሆን ከበሩ ትመለስ ነበር። ማዋለጃው ክፍል በር ላይ የኛኬር ባል ቢየል መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት አሮጊቶች አግዳሚው ላይ አጠገቡ አሉ። አያትና ብድግ አለ።

«እናት ነሲባ» አለ፣ «ደም አንቺ ቤት ነው ያደረ አሉኝ። እግዜር ይስጥሽ።»

አልፋው ወደ ላብራቶሪው ገባች።

ጥዑመልሳን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንዲት ቀጭን ብልቃጥ ይዞ ያገላብጣል። ጠረጴዛው ላይ ሌሎች ሁለት ብልቃጦች አሉ፤ ሦስቱም ከላይ እስከ ታች ቀይ ናቸው። ነርሷ ሲስተር እሙዬ በሩን ይዛ ቆማ፣ ዶክተሩ ደሙ የኦ ዓይነት ስለሆነ ምርመራውን ተወውና አምጣ እያለ ነው፣ ልጅቷ እያለቀችብን ነው ትለዋለች። ጥዑመልሳን የራሱን እጅ ነው የተጠራጠረው። ናሙና ስወስድ አበላሽቼው ይሆናል፣ መርፌው ይሆናል፣ ደግሜም እንዲሁ መጣ ይላል። እያለም አንዱን ከረጢት አንስቶ ለእሙዬ ሊዘረጋላት ነው።

«አትስጣት» አለች ነሲባ።

ሁለቱም ዞሩ።

«የዓሣ ፍሪዘር ውስጥ ነው ያደረው። እኔ ነኝ የከተትኩት። ጠዋት እንደ ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት፤ በሳፋ ውሃ አቅልጬ ነው የሰጠሁህ።»

ጥዑመልሳን ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አልጮኸም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለ።

«ጠይቀኸኛል።»

እሙዬ ወጥታ በኮሪደሩ «ደም የሚሰጥ!» እያለች መጣራት ጀመረች። ጥዑመልሳን ባዶ ከረጢትና መርፌ እያዘጋጀ፣ ዓይኑን ከነሲባ አሽሽቶ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ተናገረ።

«የደም ሴል ማለት ስስ ቆዳ ያላት ትንሽ ከረጢት ናት፤ ውስጧ ውሃ ነው። ሲሞቃት ቆዳዋ ይላላል፣ ይቆራረሳል። ውሃዋ በረዶ ሲሆን ደግሞ ቆዳዋ ይቀደዳል። ለዚህ ነው የለስላሳ ብርድ ይሁን ያልኩት። ይሄ አሁን ደም አይደለም፣ ቀይ ውሃ ነው። ቢገባላት ኖሮ ኩላሊቷን ይዘጋው ነበር፤ እኛም በምጥ ሞተች እንል ነበር።»

ነሲባ ወደ ከረጢቱ አየች። አንዲት የዓሣ ቅርፊት ጫፉ ላይ ተለጥፋ ታበራለች። በዚህ ጊዜ ያስጠላት ግን ደሙ አልነበረም።

ቢየል ተመረመረ፤ የሱ ደም ከሚስቱ አይገጥምም ተባለ። እጅጌውን እንደሰበሰበ ቀረ። ነሲባ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም ተቀመጪ አላላትም።

«የኔን እየው» አለች።

«እትዬ ነሲባ፣ አንቺ ደም አይተሽ…»

«እየው አልኩህ።»

ኦ ሆና ተገኘች። መርፌው ሲገባ ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮዋ ጭው አለ። ዓይንሽን ክፈቺ፣ ትወድቂብኛለሽ አላት ጥዑመልሳን። ከፈተች። ከጎኗ ትንሽ ሚዛን ላይ ከረጢቱ እየሞላ ነው። ሲያልቅ ጥዑመልሳን ጥጥ ሊያነሳ ዞር ሲል ከረጢቱ ከሚዛኑ ጫፍ ሊንሸራተት ሆነ፤ ነሲባ ሳታስብ በነጻው እጇ ያዘችው። ሞቃት ነበር። ትናንት በፌስታል ያነሳችው ቀዝቃዛ ነገር ስለነበረ ደም ቀዝቃዛ መስሏት ነበር የቆየው። የኛኬር ሆድ ላይ እጇ ያረፈ ዕለት የተሰማት ሙቀት ነው። እሙዬ መጥታ ከእጇ ወሰደችባት።

ደም የሰጠ ሰው ትንሽ ጣፋጭ ይጠጣል ብሎ ጥዑመልሳን የተከፈተ ለስላሳ አቀረበላት። የጠርሙሱን አፍ አየችው፤ ማን እንደጠጣበት አታውቅም። አልጠማኝም አለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ! ጠባይ እንዲህ በአንድ ጠዋት አይለቅም።

ግቢው ውስጥ ከተገኙት ሰዎችም አንዳንዶቹ ሰጡ። ቀትር ካለፈ በኋላ እሙዬ ወጥታ የኛኬር ደም መቆሙን፣ ዓይኗን ገልጣ ልጇን መጠየቋን ተናገረች። አሮጊቶቹ እልል አሉ። ቢየል ወደ ነሲባ መጣ፤ እጁን ዘረጋላት።

«ደምሽን ሰጠሽ አሉኝ። እናት ነሲባ፣ እኔ ምን ልበል?»

ነሲባ እጁን አልያዘችም። «አታመስግነኝ» አለችው። ከዚያ ነገረችው። ስለ አቶ ወልደሥላሴም፣ ስለ ፍሪዘሩም፣ ስለ ሳፋውም፣ «አልወጣም» ስላለችውም። አማርኛው እንዳይከብደው ቀስ ብላ፣ ምንም ሳታሳምረው ነገረችው።

ቢየል የተዘረጋ እጁን አጠፈ። ከዚያ ወደ አሮጊቶቹ ዞሮ በኑዌርኛ አጭር ነገር ነገራቸው። አንዷ አሮጊት ነሲባ በቆመችበት በኩል የነበረውን የጨርቋን ጫፍ ሰበሰበች። ሌላዋም አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለች። ማንም አልሰደባትም። ነሲባ ይህን ምልክት ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው ኖራለችና። ሲደረግባት ግን ምን እንደሚመስል ያወቀችው ዛሬ ነው። ቆዳዋን አውልቃ ብትጥለው ደስ ባላት።

ስትወጣ ጥዑመልሳን ሣጥኑን ይዞ የግቢው በር ላይ ቆሟል። ከለጋሾቹ ያልተነካ ሁለት ከረጢት ተርፏል፤ ትራንስፎርመሩ ገና አልተሠራም። ወዴት ልትሄድ ነው ብላ ጠየቀችው። እንጃ፣ ሌላ ሱቅ እጠይቃለሁ አላት።

«እኔ ጋ አምጣው።»

ጥዑመልሳን ሣጥኑን ወደ ደረቱ ጠጋ አደረገ።

«ላለመስጠት መብት አለህ» አለች። «ግን አሁን ጋምቤላ ውስጥ ከኔ የተሻለ የሚጠብቀው አታገኝም።»

ሳቁ ሊመጣ ነበር መሰለኝ፤ ግን አልሳቀም። ባጃጁ ውስጥ ገባና ቦታ ለቀቀላት።

ሱቁን እንደተወችው ክፍት አገኙት፤ ጎረቤት ሲጠብቅላት ቆይቷል። ሳፋው እዚያው ነው። ዓሣውን ለድመት ሰጠችው። ከፍሪጁ ላይኛው መደርደሪያ ለስላሳውን ግማሹን ወደ ታች አወረደች። ጥዑመልሳን ከረጢቶቹን ሊያስገባ ሲል እጇን ዘረጋች፤ ሰጣት። ፌስታል አልነበራትም። እጇ ላይ ሲረግቡ አሁንም ሰቀጠጣት፣ ፊቷም ተኮማተረ፤ ግን ፊታቸውን ወደ ደንበኛ፣ ወደ መስታወቱ አዙራ በቀስታ አስተኛቻቸው። ቴርሞሜትሩን የት ጋ ሲሆን ጥሩ እንደሆነ አሳየኝ አለችው፤ አሳያት።

እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ አቶ ወልደሥላሴ ከቢሮው ተመልሶ ገባ። ውሃ ጥሙ ከትናንቱ በልጦበት መሆን አለበት። በልማዱ ወደ ፍሪጁ ሄደና ከመስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ነሲባ፣ ይሄ ነገር ዛሬም አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ምንድን ነው?»

«ደም ነው፣ አቶ ወልደሥላሴ። የሰው ደም። መብራት እስኪመጣ እዚሁ ነው።»

«ቢያንስ ወደ ውስጥ አድርጊው እንጂ፤ ለዓይን ይከብዳል። ሰው ምን ይላል?»

«ቦታው ይሄ ነው። ሌላ ቦታ አይሆነውም» አለች። ተነስታም በሩን ከፈተች። «ከአሁን ወዲያ መዳበስ የለም፤ እኔ ነኝ የማወጣልዎት። የትኛውን ልስጥዎት?»

መልስ አልጠበቀችም። ከከረጢቶቹ ጎን ያለውን ብርቱካን ለስላሳ አውጥታ ዘረጋችለት። አቶ ወልደሥላሴ ጠርሙሱን አየ፣ እጇን አየ፣ ከረጢቶቹን አየ። ሁለት እጆቹን ወደ ኪሱ ከተተ።

ነሲባ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ቴርሞሜትሩን ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ የለስላሳውን ክዳን ከፈተችና፣ የጠርሙሱን አፍ ሳትጠርግ፣ ሰውዬው ፊት ቆማ ጠጣችው።